ሸክላው ለቆራሌ፣ ዘፈኑ ለውጭ ገበያ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ጓዛቸውን ጭነው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ገላን ጉራ ገብተዋል። ከዚያ በፊትም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በደረሳቸው የመሃል ከተማ ሰዎች ሲሞላ ከርሟል። ስለ መነሳቱ፣ ስለ ካሳው፣ ስለ ትራንስፖርቱ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ብዙ ተብሏል። መባልም አለበት። ብዙም ያልተነገረለት ግን ጓዙ ራሱ ነው።

ሃምሳ ዓመት አንድ ግቢ የኖረ ቤተሰብ ሲነሳ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን አናት፣ ከቆጥ የሚወርድ ዕቃ አለ። አዲሱ ቤት ጠባብ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሁሉንም ይዞ አይወጣም። ስለዚህ ይመረጣል። አልጋው ይወጣል፣ ምጣዱ ይወጣል፣ የአያት ፎቶ ይወጣል። በወረቀት ልባስ የተሸፈኑት ጥቁር ክብ ነገሮች ግን ምን ይሠራሉ? ማጫወቻው ከተበላሸ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ መርፌውም የለም። «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ከበር ሲሰማ ሸክላው ከአሮጌ ጀሪካንና ከተሰበረ ወንበር ጋር ይሄዳል። ለቆራሌው ፕላስቲክ ነው፤ በፕላስቲክ ዋጋ ይገዛዋል።

ያው ሸክላ ፓሪስ ወይም ቶኪዮ ያለ ሰብሳቢ እጅ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል። ከ1960ዎቹ መጨረሻና ከ1970ዎቹ (ዓመታቱ በእ.ኤ.አ. ናቸው) የአዲስ አበባ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች መካከል ዛሬ በመቶዎች ዶላር የሚሸጡ አሉ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የክርክሩ ነጥብ ግን ዋጋው አይደለም። ሸክላው የአንድ ዘመን ሰነድ ነው፤ ያ ሰነድ ደግሞ አሁን፣ በዚህ የመነሳትና የመዛወር ወቅት፣ ከማንኛውም ጊዜ በበለጠ ፍጥነት እየጠፋ ሊሆን ይችላል። መንግሥትም፣ ቤተ መጻሕፍትም፣ ቤተሰብም ይህን ወቅት ካሳለፉት ሁለተኛ ዕድል አያገኙም።

እንዴት እዚህ ተደረሰ?

የኢትዮጵያ ድምፅ ከመጀመሪያው ጀምሮ የታተመው በሰው አገር ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ጀርመን አገር ነበር። «ሸክላ» የሚለው ስም ከዚያ ዘመን ተሰባሪ ዲስክ ላይ እስከ ፕላስቲኩ ዘመን ተሻግሯል፤ ከአገር ውጭ የማሳተሙ ልማድም አብሮት ተሻግሯል።

በ1948 ዓመተ ምሕረት በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ድንጋጌው ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። በኋላ ግን የሙዚቃ መደብር የነበረው፣ ዕድሜው ገና በሃያዎቹ ውስጥ የነበረ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት «እታሰር ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ዋጥ አድርጎ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ማተሚያ አገር ውስጥ ስለሌለ ቅጂው ወደ ህንድ ተላከ። ከዚያ ወዲህ የአምሃ ሸክላዎች ህንድም፣ ሊባኖስም፣ ግሪክም ታትመዋል።

አምሃ እስከ 1975 ባሉት ዓመታት 103 ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና 12 ትላልቅ አልበሞች አሳተመ። ፊሊፕስ ኢትዮጵያም በዚያው ዘመን ያሳትም ነበር፤ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን በሸክላ የቀረው በፊሊፕስ ነው። ቀጥሎ ዓሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ መጣ፤ የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» በ1975፣ የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» በ1977 በካይፋ ታተሙ። ብዙነሽ በቀለ፣ ሒሩት በቀለ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ ግርማ በየነ፣ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ሁሉም በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ሸክላዎች ውስጥ አሉ።

ከዚያ ደርግ መጣ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ወጣ። የሰዓት እላፊው የማታ ሙዚቃን አንቆ ያዘ፤ ካሴት ደግሞ ርካሽና አገር ውስጥ የሚባዛ ሆኖ ሸክላን ከገበያ አስወጣ። የ1970ዎቹ ዓመታት ሳያልቁ የሸክላ ዘመን አለቀ። አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ዘመኑ አጭር፣ ማተሚያውም ውጭ ስለነበረ የሚገኘው ሸክላ ውስን ነው። ሁለተኛ ዙር የሚታተምበት ፋብሪካ፣ ቅጂ የሚቀመጥበት መጋዘን አዲስ አበባ አልነበረም። እዚህ የቀረው በሰው ቤት ያለው ብቻ ነው።

የጃማይካ ልምድ

ጃማይካ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲደርሱ የተደረገላቸው አቀባበል፣ ቦብ ማርሌይ በ1978 ኢትዮጵያን መጎብኘቱ፣ ሻሸመኔ፣ በ2005 መስቀል አደባባይ የተደረገው የ60ኛ ልደቱ ኮንሰርት፣ ይህን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋል። ለሸክላው ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው።

ያው የአሜሪካ ሶል ሙዚቃ ወደ ሁለቱም አገሮች በሬድዮ ገብቷል። ወደ ኪንግስተን ከደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጣቢያዎች ባሕር ተሻግሮ፣ ወደ ኢትዮጵያ ደግሞ አሥመራ ከነበረው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር። እነሱ ከራሳቸው ምት ጋር አዋሕደው ስካን፣ ሮክስቴዲን፣ ሬጌን አወጡ። እኛም ትዝታንና አንቺ ሆዬን ከነሐስ መሣሪያ ጋር አዋሕደን ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» የሚለውን ሙዚቃ አወጣን።

ልዩነቱ ማተሚያው ላይ ነው። ኬን ኩሪ የተባለው ነጋዴ በኪንግስተን ፌደራል የተባለውን ስቱዲዮና ማተሚያ አቋቁሞ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ሸክላ በፈቃድ እዚያው ያትም ነበር። ዳይናሚክ ሳውንድስ ተከተለ። ፌደራል የነበረበት ቦታ በ1981 የማርሌይ ቤተሰብ ድርጅት የሆነው ተፍ ጎንግ እጅ ገባ። ስለዚህ አንድ የአሜሪካ ሶል ዘፈን የአሜሪካ እትም፣ የጃማይካ እትም ይኖረዋል፤ ሰብሳቢዎች በእነዚህ የካሪቢያን እትሞች ላይ የሚጨቃጨቁትም ለዚህ ነው። የወረቀቱ ቀለም፣ የቀዳዳው ስፋት፣ መጨረሻው ባዶ ክብ ላይ በእጅ የተጫረው ቁጥር ዘፈኑ የት፣ በማን፣ ከየትኛው ቅጂ እንደታተመ ይናገራል።

እዚያም ችግር ነበር። የጥንቶቹ የድምፅ ማጉያ ባለቤቶች ተፎካካሪ እንዳያውቅባቸው የሸክላውን ስም ፍቀው ያጠፉ ነበር። ያለ ምንም ጽሑፍ በባዶ ወረቀት የወጡ ሸክላዎችም ብዙ ናቸው። የእንግሊዝና የጃፓን ሰብሳቢዎችም ወደ ኪንግስተን እየተመላለሱ አሮጌ ሸክላ ገዝተዋል። ጃማይካ ግን የሙዚቃ ሙዚየም አቋቋመች። ሬጌን በ2018 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት እንዲመዘግብላት አደረገች። ዛሬ «የየትኛው ዘፈን የመጀመሪያ እትም የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ለጃማይካ ሸክላ ራሱን የቻለ እውቀት ነው።

የኢትዮጵያ ሸክላ ዝርዝርም አለ። የሠሩት ግን በአብዛኛው ፈረንጆች ናቸው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አልበም ማውጣት ሲጀምር የአምሃንና የካይፋን ሥራዎች ለዓለም አስተዋወቀ። አራተኛው አልበም፣ የሙላቱ አስታጥቄ፣ በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገባ። በ2010 የጃማይካው ዴሚያን ማርሌይና አሜሪካዊው ናስ በጋራ ባወጡት አልበም የመክፈቻ ዘፈን ውስጥ የሙላቱ «የገሌ ትዝታ» ይሰማል። ዘፈኑ ኪንግስተን ደርሶ ተመለሰ ማለት ነው። ለብዙ የአዲስ አበባ ወጣት ይህን የአባቱን ዘመን ሙዚቃ ያስተዋወቀው የውጭ እትም እንጂ የቤቱ ቁም ሳጥን አይደለም።

«ፈረንጅ ዘረፈን» የሚለው መልስ

ይህ ወሬ ሲነሳ ፈጥኖ የሚመጣው ቁጣ ነው። «ሸክላችንን በርካሽ ገዝተው ወሰዱት!» ይባላል። ቁጣው ይገባል፤ አቅጣጫው ግን ስቷል።

አንደኛ፣ ሻጭ ከሌለ ገዢ የለም። ሸክላውን የሸጠው ባለቤቱ ነው፤ የሸጠውም ስላልፈለገው ነው። ሁለተኛ፣ ገዝተው የወሰዱት ሰዎች ቢያንስ አጥበው፣ ቁጥሩን መዝግበው፣ ልባሱን ፎቶ አንስተው አስቀምጠውታል። ቆራሌ የወሰደው ግን ቀልጦ ባልዲ ሆኗል። ከሁለቱ የትኛው ጠፋ? ሦስተኛ፣ ሕጉም አይረዳም። በረባዳ መስቀልና በብራና የለመደ ፈታሽ ብራና ሲያይ ይቆማል፤ በ1970ዎቹ የታተመ ፕላስቲክ ሲያይ ምን ብሎ ይቁም? ቅርስ ሲባል የሚታሰበን የጥንቱ ብቻ ስለሆነ የአባቶቻችን ወጣትነት ቅርስ አልመስል ብሎናል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ጩኸቱ መሆን ያለበት በቀረው ላይ ነው። የቀረው ደግሞ ፓሪስ አይደለም፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን ጉራ፣ ሳሪስ፣ አቃቂ ነው።

ሌላ ተቃውሞም አለ፤ ይኼኛው ከበድ ይላል። «ሰው ሰፈሩን፣ ዕድሩን፣ የዕለት ገቢውን አጥቶ እያለ ስለ ሸክላ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሸክላ እንጀራ አይሆንም። ነገር ግን ሁለቱ የሚጋጩ ጉዳዮች አይደሉም። ሰፈር ሲፈርስ የሚጠፋው ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ትዝታው የሚታወስበት ዕቃም አብሮ ይበተናል። እንደገና ሊሠራ የሚችለው ቤቱ ነው። የካዛንቺስ ቡና ቤት ውስጥ ሲጫወት የነበረ ሸክላ ግን ህንድ ወይም ቤሩት ዳግመኛ አይታተምም። ደግሞም የተነሳው ቤተሰብ በሸክላው ተጎጂ ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚም መሆን ይችላል፤ ምን እንደያዘ ካወቀ።

ሕጉ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ጉዳይ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድምፅ ቅጂ አሳታሚ የሚሰጠው ጥበቃ ሥራው ከታተመ በኋላ 50 ዓመት ነው። በ1969 የታተመ ሸክላ ላይ ያ ጊዜ በ2019 አልቋል። የአምሃ የመጨረሻዎቹ፣ የ1975ቱ፣ ጊዜያቸው የሚያበቃው በ2025 ነው። የ1977 የካይፋ ሥራዎች በ2027።

ይህ ሁለት ትርጉም አለው። በአንድ በኩል፣ የአሳታሚው መብት ሲያበቃ ለቤተ መጻሕፍትና ለዩኒቨርሲቲ ቅጂ ለማስቀመጥ አንድ እንቅፋት ይቀንሳል። በሌላ በኩል፣ ማንም በየትኛውም አገር ያለ ሰው ቅጂውን አንስቶ ለአሳታሚው ሳይከፍል ሊያወጣው በሩ ይከፈታል።

የገጣሚውና የዜማ ደራሲው መብት ግን የተለየ ነው። ያ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። በ1970 ግጥም የጻፈ ሰው ዛሬም በሕይወት ካለ መብቱ ሙሉ ነው፤ ከሞተም ለልጆቹ ነው። ታዲያ ገጣሚው ማን እንደነበር በምን ይታወቃል? ዋናው የጽሑፍ ማስረጃ ብዙ ጊዜ ያው የሸክላው ወረቀትና ልባሱ ነው። ስም ከተጻፈበት፣ ስሙ እዚያ ነው ያለው። ሸክላው ቆራሌ ጋ ሲሄድ የአንድ ቤተሰብ የውርስ ማስረጃ አብሮት ሊሄድ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው ሕግ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበራት በኩል እንዲሰበሰብ መንገድ ከፍቷል። ተሰብስቦ ለማን ይከፈል የሚለው ግን ያለ ሰነድ አይመለስም።

አምሃ እሸቴ በ2021 አረፈ። ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት ተከተለው። ሙሉቀን መለሰ በ2024 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። «እሱን እንጠይቀዋለን» የሚባልበት ጊዜ እያለፈ ነው። የሚጠየቀው ዕቃው ብቻ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

ትልቅ በጀት የማይጠይቁ አራት ነገሮች አሉ።

አንድ፣ የመቀበያ መስኮት። ቤተሰቦች የሚሰፍሩባቸው ወረዳዎች፣ አቃቂ ቃሊቲን ጨምሮ፣ ለመታወቂያና ለቤት ጉዳይ ሰውን በየቀኑ ያስተናግዳሉ። እዚያው ግድግዳ ላይ «አሮጌ ሸክላ፣ ካሴት፣ ፎቶግራፍ ካለዎት አይጣሉ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ወጪው የወረቀት ነው። ተቀብሎ ወደ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) የሚያደርስ አንድ ሰው መመደብ ቢሮክራሲ አያስፈልገውም።

ሁለት፣ ሳይወስዱ መመዝገብ። ብዙ ሰው የአባቱን ሸክላ ለመንግሥት አሳልፎ መስጠት አይፈልግም፤ መብቱ ነው። ስለዚህ ዕቃው ባለቤቱ ጋ ይቆይ፣ መረጃው ይመዝገብ። ሁለቱ ገጽ፣ ልባሱ፣ የአሳታሚው ቁጥር (የአምሃ በ«ኤ.ኢ.»፣ የካይፋ በ«ኬ.ኤፍ.» የሚጀምር) እና ባዶው ክብ ላይ የተጫረው ቁጥር በስልክ ፎቶ ይነሳ። ይህን የታሪክ ወይም የሙዚቃ ተማሪዎች በአንድ ክረምት ሊሠሩት ይችላሉ።

ሦስት፣ ቆራሌውን ማካተት። ከማንም ሰብሳቢ በላይ ከተማዋን ቤት ለቤት የሚያውቀው ቆራሌው ነው። ሸክላ ከፕላስቲክ ዋጋ በላይ የሚገዛው ሰው ካለ እሱ ራሱ ይለየዋል። እስካሁን የለየው ነጋዴ ሲገዛው ብቻ ነው። ቤተ መጻሕፍት ወይም ዩኒቨርሲቲ አነስተኛ ዋጋ ቢቆርጥ ጥበቃው በገበያው መንገድ ራሱ ይሠራል።

አራት፣ ማሰማት። ወመዘክር መጋዘን ውስጥ ገብቶ የሚቀር ሸክላ ከቆጥ ላይ ካለው ብዙም አይሻልም። አንድ ጥሩ ማጫወቻ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ባለሙያ ይበቃል። የደራሲዎቹ መብት ተጠብቆ፣ ቢያንስ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለሚመጣ አድማጭ ይከፈት።

ለቤተሰብ ደግሞ መንግሥት እስኪነቃ መጠበቅ አያስፈልግም። ሸክላ አይነባበርም፤ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ነው የሚቀመጠው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ይጣመማል። አቧራ ካለው በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ፣ መሃሉን ወረቀት ሳያረጥቡ፣ የዙሩን አቅጣጫ ተከትሎ ይጠረጋል። የጥንቱ ተሰባሪ ሸክላ በአልኮል አይነካም፤ ይሟሟል። መርፌው ባረጀ ማጫወቻ «እስኪ እንሞክረው» ማለትም ያጠፋዋል። የተቀደደ ልባስ አይጣልም፤ ስሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። መሸጥ የፈለገም ይሽጥ፤ ነውር የለውም። ከመሸጡ በፊት ግን ፎቶውን ያንሳ፣ ዋጋውንም ከአንድ ሰው በላይ ይጠይቅ።

የአቃቂ ነገር

ለአቃቂ ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአገሪቱ ድምፅ ወደ ውጭ የተላለፈው አቃቂ ላይ ከቆመው የሬድዮ ጣቢያ ነበር፤ በ1935፣ ጦርነቱ ሲቃረብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም የተናገሩት ከዚያ ነው። ያ ድምፅ የወጣው ዓለም እንዲሰማ ታስቦ ነው። ዛሬ ከአቃቂ ቃሊቲ የሚወጣው ድምፅ ግን ማንም ሳያስብበት በማዳበሪያ ጆንያ ይወጣል።

ገላን ጉራ ያለው ቤተሰብ ከካዛንቺስ ይዞት የመጣው ካርቶን ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈታ ይሆናል። ከፈታው በኋላ ምን እንደሚያደርግበት የሚወስነው እሱ ነው። እንዲወስን ግን መጀመሪያ ምን እንደያዘ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ያንን መንገር የወረዳውም፣ የቤተ መጻሕፍቱም፣ ይህን አንብቦ እናቱ ቤት ካርቶን እንዳለ ትዝ ያለው ሰውም ሥራ ነው።